ሰኔ ሳያልቅ የተገዛ ውሻ

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ጊዜ አሶሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ክፍል ተቀጠርኩ። ወንበር ከሰው ያነሰበት፣ አንዲት የጽሕፈት መኪና በወረፋ የምንገለገልበት ጊዜ ነበር። እኛ ግን አገር ያቀናን ያህል እንኮራ ነበር። ከሁሉም የባሰብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሽንኩርት ስገዛ እንኳን ወጪው በየትኛው አርዕስት እንደሚያዝ አስባለሁ።

አባቴ የሚኖረው በቁጥር ከሚጠሩት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ፣ ከከተማው በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩት ገበሬ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነበር። ማሳው ላይ ማማ ሠርቶ ቀኑን ሙሉ በወንጭፍ በቆሎውን ከዝንጀሮ ይጠብቃል። ክንዱ ግን ደክሟል፤ ያለፈውን ክረምት በቆሎ ግማሹን በልተውበታል። ከተማ መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር ባልኩት ቁጥር ይቆጣኛል።

«አንድ ጊዜ ተነቅያለሁ፤ ሁለተኛ አልነቀልም። ዘንድሮም ከበሉብኝ ግን ምን አባቴ አደርጋለሁ? ጓዜን ጠቅልዬ እመጣልሃለሁ» አለኝ ፊቱን አዙሮ።

ኪራይ ቤቴ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ ታየኝ። ውሻ ልገዛለት ቆረጥኩ።

እንደ ወጉ በጀት አዘጋጀሁ፦ ምግብ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ሰንሰለት፣ መጠባበቂያ። አባቴ ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ላንቃው ጥቁር ይሁን፤ ኃይለኛ የሚሆነው እሱ ነው።» ስለዚህ አሶሳን እየዞርኩ የውሻ አፍ ስከፍት ሰነበትኩ። ጣቶቼ አሥር ሆነው መቅረታቸው ይገርመኛል።

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጭንቀት ያዘኝ። በጀት የሚዘጋው ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ገንዘቡ የገዛ ደመወዜ ነው፤ ከማን ወደ ማን እንደሚመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ሮጬ የአንድ ባለ ሉካንዳ ውሻ ገዛሁ፤ ጥጃ የሚያህል፣ ላንቃው የጠቆረ። በሰኔ በቆሎው ገና ለጉልበት አይደርስም፤ ዝንጀሮም አይመጣም። ስለዚህ ውሻውን የምፈትንበት ነገር አልነበረም።

ነሐሴ ላይ በቆሎው እሸት ያዘ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ዘንድ ሳለሁ የዝንጀሮ መንጋ ከኮረብታው ወረደ። ሐምሌን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ሲያስጨንቅ የከረመው ውሻዬ እየጮኸ ገሰገሰ። አንዱ አውራ ዝንጀሮ ዞር ብሎ ጥርሱን ሲያሳየው ግን ተመልሶ ማማው ሥር ተወሸቀ። አባቴ እላይ ሆኖ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ የተዘነጠለውን በቆሎ አየና ሳቁ ቆመ።

«እንግዲህ ጓዜን ልጠቅልል መሰለኝ» አለ።

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤቱ መጣ። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም «አንተ» የሚል ደግ ሰው። አንዲት የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ቡናማ ውሻ ተከትላዋለች።

«ወላሂ፣ ይሄ ውሻ ሰው ብቻ ነው የሚያውቅ» አለኝ የእኔን ጥጃ እያየ። «አፉን ምን ታያለህ? በቆሎ ውስጥ ያደገ ውሻ ነው ጥሩ። የኔን ውሰድ። ትንሽ ነው፤ ግን ዝንጀሮ አይወድም።»

ዋጋዋን ብጠይቀው እሸት ብናበላው እንደሚበቃው ነገረን። ላንቃዋን ለማየት እጄ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት።

በማግስቱ ዝንጀሮዎቹ ኮረብታው ላይ ብቅ እንዳሉ፣ ገና ሳይወርዱ፣ በማሳው ዳር እየሮጠች ጮኸች። አባቴ ቀድሞ ወንጭፉን አነሳ። ያ ፈሪ ደግሞ ከኋላዋ ሆኖ በወፍራም ድምፁ አጀባት። መንጋው ቆም ብሎ አየና ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ በቆሎው ተረፈ፤ ጎረቤታችንም እሸቱን እስኪጠግብ በላ።

ለሁለተኛ ውሻ የያዝኩት በጀት ስላልነበረ የሰንሰለቱን ገንዘብ ወደ ምግብ አዛወርኩ። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር የውሾቹን ወጪ ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት አባቴን የማየው ለበዓል ብቻ ነበር።

ጥቅምት ላይ ለሥራ ራቅ ወዳለው ካማሺ ልመላለስ ሆነ። ስለዚህ ካጠራቀምኩት ላይ የዓመቱን ወጪ ባንድ ፖስታ አድርጌ ወሰድኩለት። ከፍቶ አየና መለሰልኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓመቱ ነው፤ እንዳትቸገር ብዬ።»

«አይሆንም። በየወሩ አምጣው።»

«አባዬ፣ ምን ልዩነት አለው? ገንዘቡ ያው ነው።»

የቡናማዋን ጆሮ አሻሸ።

«ውሾቹ አንተን ማየት ለምደዋል» አለኝ።

ፖስታውን ኪሴ ከተትኩ። እዚያው ማማው ሥር ተቀምጬ ከበጀቱ ላይ «በዓመት አንዴ» የሚለውን ሰረዝኩና «በየወሩ፣ በእጅ» ብዬ ጻፍኩ።