የተቀበረው ማሾ

ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ናት። የእጇ ሽታ አልለቅ ስላላት ባልደረቦቿ «እትዬ በረኪና» አሏት፤ ጡረታ ስትወጣ ስሙም ተከትሏት ወጣ። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ጓሮ ቢኖራትም የስም ጓሮ ነበር። ያፈሰሱበትን ውሃ ውጦ ወዲያው ይደርቃል። የተከለችው ቲማቲም ሁለት ዓመት ተከታትሎ ስንዝር ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥታ አፈሩን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና፣ «ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ይዝሩበት» አለቻት። «ማበብ ሲጀምር ግን እንዳለ ከአፈሩ ጋር ይገልብጡት። ፍሬ ከያዘ ጉልበቱን ፍሬው ይወስደዋል።»

«ምግብ ልቅበር?»

«አዎ፣ አፈሩን ያብሉት።»

ዘራች። ማለዳ ማለዳ በባልዲ አጠጣች። በአርባኛው ቀን ገደማ ጓሮው አረንጓዴ ለብሶ ቢጫ አበባ ብቅ ብቅ አለ። አንዱን ነቅላ ሥሩን ስታይ ጥቃቅን እንክብሎች አገኘች፤ በጥፍሯ ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀይ ነው። ቀይ ከሆነ ከአየር ለአፈሩ ምግብ እየሳበ ነው ብላታለች ባለሙያዋ።

ሊያግዛት የመጣው ታናሽ ወንድሟ፣ ግንበኛው፣ ነገሩን ሲሰማ ክው አለ።

«እታለም፣ ይሄን ከቀበርሽ እኔ የለሁበትም! ትንሽ ብትታገሺ እኮ እሸት ነው።»

«ሁለት ዓመት ታግሼ ምን በላሁ?»

«ኧረ ተይ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«እሺ፣ አጥሩ ሥር ያለችው መስመር ያንተ ትሁን። ሌላውን እንዳትነካብኝ።»

ሁለት ቀን ብቻዋን ቆፈረች። ወገቧ አልታዘዝ ሲላት ተንበረከከች። መቅበሩም ብቻውን አይበቃም፤ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቅጠል አይበሰብስም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ መሬት አጠጣች። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ አሻግሮ «ምን ተክለሽ ነው የምታጠጪው?» ሲላት፣

«ኧረ የቀበርኩትን ነው» ትለዋለች። ሰውየው እርምጃውን ያፈጥናል።

ወንድሟ እሸቱን ቀቅሎ በላ፤ ለእሷም አመጣላት። መጣፈጡን አልካደችም።

ከዚያ ቲማቲሙን ተከሉ። ማሾው በተቀበረበት ቦታ ጉልበቷ ድረስ ወጣ፤ በወንድሟ መስመር ላይ ቁርጭምጭሚት አላለፈም። ግንበኛው ሜትሩን አውጥቶ ለካ። ደግሞ ለካ።

«አትሳቂብኝ» አለ።

«መቼ ሳቅኩ?» አለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፍሬው ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። ግን አፈሩን ስትጨብጠው እንደ ድሮው በጣቶቿ መሃል አልፈሰሰም፤ መዳፏ ላይ እርጥብ ሆኖ ቆየ። በሞቃት አገር አፈር የጎረሰውን ቶሎ ይጨርሳልና፣ ቲማቲሙ ተለቅሞ እንዳለቀ እንደገና ማሾ ዘራች። በዓመቱም እንደዚያው።

ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ መንበርከክ እምቢ ብሏታል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊት ለፊቷ ያለውን ማሾ ትገለብጣለች፤ ሲያልቅ ትነሳና በርጩማውን አንድ እርምጃ ገፍታ ትቀመጣለች።