ክንዴ የቆመበት ረድፍ

የመጀመሪያው ምልክት ኮቴን መስቀል አለመቻሌ ነው። በቤቴ በር ጀርባ፣ ከራሴ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ዘመኔን ሁሉ ኮቴን የምሰቅልበት ምስማር አለ። በዚያ ማክሰኞ ወደ ቤት ስመለስ ቀኝ ክንዴ እስከ ደረቴ ተነሣና ቆመ። ሕመሙ ከትከሻዬ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ክርኔ ወረደ። ኮቱን ወንበር ላይ ጣልኩት። ባለቤቴ ዞራ አየችኝ፤ ልብስ ወንበር ላይ ስጥል አይታኝ አታውቅም።

ይህን የምጽፈው በሥራ ላይ ተጎድተው ጉዳታቸውን በማያውቋቸው ሐኪሞች ፊት ማስረዳት ላለባቸው ሰዎች ነው። እኔ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ተምሬአለሁ፤ ኑሮ ግን ወደ መርካቶ አመጣኝና ከተክለ ሃይማኖት ወደ ገበያው ሲገቡ በሚገኝ የቧንቧ ዕቃ አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሆንኩ። ትክክል ያልሆነ ነገር አልወድም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ስሕተት የሠራሁትም እኔ ነኝ።

አደጋው የደረሰው በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሸምሱ የሚባል፣ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የሠራ ጫኝና አውራጅ፣ መሰላል ላይ ቆሞ የቫልቭ ካርቶኖች ያወርድልኝ ነበር። አንዱ ከእጁ አመለጠ። እኔ ከሥር ነበርኩ። ቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ተቀበልኩት። ትከሻዬ ውስጥ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«ጋሼ! ተጎዱ እንዴ?» ሸምሱ ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ።

«ይልቅ ካርቶኑን ክፈት። የተሰበረ አለ?»

ከቫልቮቹ አንድም አልተሰበረም።

በመጋዘናችን የአደጋ መዝገብ አለ። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በቆርቆሮ የተጫረ ጣት ሳይቀር አስፍሬበታለሁ። ያን ቀን ምንም አልጻፍኩም። ሸምሱ ዕቃ በመጣል ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበር፤ ሁለቱንም ያጻፍኩበት እኔው ነኝ። ሦስተኛው ከሥራ ያሰናብተዋል፤ ሦስት ልጆች አሉት። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሌላው እንዲህ የሚነገር አይደለም፤ «ሽማግሌው ተጎዱ» ከተባለ «አሁንስ ቤትዎ ይረፉ» መባሉ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። በማግስቱ በሰዓቴ ሥራ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት ታገሥኩ። በቀኝ ጎኔ መተኛት አልቻልኩም። ፊቴን በአንድ እጅ ታጠብኩ። ሸሚዜን ባለቤቴ ቆለፈችልኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሸሁ፤ ባሰብኝ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኤክስሬይ ተነሣሁ፤ አጥንት አልተሰበረም። በኤም አር አይ ግን «ሮቴተር ከፍ» ከሚባሉት ክንድን ከሚያነሡና ከሚያዞሩ ጅማቶች አንዱ፣ «ሱፕራስፓይናተስ» የሚሉት፣ በከፊል ተቀዶ ተገኘ።

የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ከድር ጉዳዩን ወደ መድን ድርጅቱ ላኩት። ካርቶን ስቀበል የደረሰ ነው አልኩ፤ ከማን እጅ እንደ ወደቀ አልተናገርኩም። መድኑ ወደ መረጠው ሐኪም ከረባት አስሬ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ከረባቱን ያሰረችልኝ ባለቤቴ ናት።

«እንዴት ነዎት?» አለኝ ሐኪሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ለሰላምታ ሌላ መልስ አልተማርኩም።

ጻፈው። ክንዴን ትንሽ አንሥቶ አወረደ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ወጣሁ።

ሪፖርቱ አጭር ነበር። ተመርማሪው ደህና መሆኑን ገልጿል። የጅማቱ ጉዳት ከዕድሜ ጋር የመጣ መሳሳት ነው። በሥራ ላይ አደጋ ለመድረሱ የተመዘገበ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ሐሰት አልነበረችም። መዝገቡን ባዶ የተውኩት እኔ ነኝ። ነገሩም ግልጽ ነበር፤ መልሱ «ዕድሜ» ከሆነ ሕክምናው በራሴ ወጪ ነው፣ በዚህ ክንድም መጋዘን አይያዝም። መልሱ «አደጋ» ከሆነ እታከማለሁ፣ እስክድን ቦታዬ ይጠበቃል። ያን ዕለት ሥራዬን ያጣሁ መሰለኝ።

ባለቤቴ ግን «አንተ የሌላውን ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳታየው አትፈርምም፤ ይኸን እንዴት በአንድ ጊዜ ታምነዋለህ?» አለችኝ። ስለዚህ በሐኪሞች ቦርድ እንድመረመር ጠየቅሁ።

ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ የአጥንት ሕክምና ስፔሻሊስት፣ ንግግሯ የተመጠነ ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ «ጋሼ» አለችኝ፤ «እኔ የእርስዎ አካሚ አይደለሁም፤ የመድኑም አይደለሁም። ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አያሳምሩልኝ፣ አያጋንኑብኝ።»

ኮቴንና ሸሚዜን እንዳወልቅ አዘዘችኝ። ማንም አልረዳኝም። ግራ እጄ ቀኙን እየጎተተ ከእጅጌው እስኪያወጣው ሦስቱም ሐኪሞች ጠበቁ። አፈርኩ።

«ጠዋት ማን አለበሰዎት?»

«ባለቤቴ።»

«ይኼ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም» አለችና ጻፈች። ከዚያ ጎኒዮሜትር በሚባል የማዕዘን መለኪያ ክንዴን ለካች። ሰማንያ አምስት ዲግሪ ላይ ቆመ። «ክንድዎ ከራስዎ በላይ እንደማይነሣ አየሁ። ከአደጋው በፊት ይነሣ እንደ ነበር ግን በምን አውቃለሁ? በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ሰው ጅማቱ ሳስቶ ሳያውቀው ይኖራል። የሚያሳይ ነገር ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያምጡ።»

ከሰው ሁሉ ማስረጃ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ባዶ እጄን ወጣሁ።

በማግስቱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ሸምሱ ሲጽፍ አያለሁ። መደርደሪያዎቻችን አምስት ረድፍ አላቸው፤ ከየዕቃው ፊት ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል፣ የገባና የወጣ ዕቃ የሚጻፍበት። ሁሉንም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ግን «ዓይኔ አይደርስም» እያልኩ የላይኞቹን ለሸምሱ ትቼለታለሁ። እሱም አምኖ አይደለም፤ ዝም ብሎ ይጽፋል።

«ሸምሱ፣ ይኼ ሰባት ነው ወይስ የታመመ አንድ?»

«ሰባት ነው፣ ጋሼ። ትንሽ አዘንብሎ ነው እንጂ።»

«ቁጥር አያዘነብልም።»

«የእርስዎ ትከሻ ካዘነበለ ስንት ጊዜው፤ እሱን ማን ተቆጣው?»

ልመልስለት ቀና ስል ካርዶቹን አየኋቸው። ከአራተኛው ረድፍ ጀምሮ ወደ ላይ ባሉት ካርዶች ላይ የኔ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ይወርድ ይወርድና ይቆማል፤ ከሥሩ የሸምሱ ያዘነበሉ ቁጥሮች ይጀምራሉ። ሦስተኛው ረድፍና ከዚያ በታች ያለው እስከ ዛሬ ጠዋት በእኔ እጅ ነው። ተነሥቼ አንድ በአንድ አየሁ። በሁለቱ ረድፎች አርባ ሦስት ካርዶች አሉ። በአንዳቸውም ላይ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በእኔ እጅ የተጻፈ መስመር የለም። ከዚያ በፊት ደግሞ በሸምሱ እጅ የተጻፈ የለም።

እርጅና ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በአርባ ሦስት ካርዶች ላይ አያቆምም።

ሸምሱ የማየውን አየ። ካርዶቹ ቦርድ ፊት ከቀረቡ «ለምን የእሱ ጽሕፈት ጀመረ?» መባሉ እንደማይቀር ሁለታችንም ገባን።

«ይውሰዷቸው፣ ጋሼ» አለኝ። «ካርቶኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ስለ እኔ ዝም አሉ፤ እኔ ስለ እርስዎ ዝም ብል ወላሂ እንቅልፍም አይወስደኝም።»

እስክከለክለው አልጠበቀም፤ ወደ ሐጂ ከድር ቢሮ ወጣ። ቆይተው ሁለቱም አብረው ወረዱ። ሐጂ መሰላሉን አስጠግተው ሸምሱን ወደ ላይ አወጡት፤ ካርቶኖቹ የነበሩበትን ቦታ በእጁ ዳሰሰ። እርጥብ ነበር። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ የካርቶኑ ሥር በስብሶ ነው ከእጁ የሾለከው።

«የሰው ጣት ሲጫር ይጽፋሉ» አሉኝ ሐጂ፤ «የራስዎን ትከሻ ደበቁኝ። ጽፈው ቢሆን ኖሮ ይኼን ጣሪያ ያን ሳምንት አሠራው ነበር። ሌላ ሰው ራስ ላይ ቢወድቅስ?»

ሸምሱን ላድን ብዬ የደበቅሁት ነገር እሱን ነፃ የሚያወጣው ነገር ነበር። ያን ዕለት በአደጋ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፤ የምጽፍበትን ቀንና አደጋው የደረሰበትን ቀን ለየብቻ አድርጌ፣ መዘግየቴን ሳልደብቅ። ሸምሱ በምስክርነት ፈረመ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ካርዶቹን በረድፍ በረድፍ ለይቼ፣ የየረድፉን ከፍታ በሜትር ለክቼ ይዤ ቀረብኩ። ሦስተኛው ረድፍ አንድ ሜትር ከሃያ አምስት፣ አራተኛው አንድ ሜትር ከስልሳ። ሰብሳቢዋ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ተመለከተች። ከዚያ ግድግዳው አጠገብ አቁማ ክንዴን ወደ ላይ እንዳነሣ ነገረችኝ፤ ጣቴ የቆመበትን ለካች። አንድ ሜትር ከአርባ አምስት። በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ መካከል።

«ጋሼ፣ ሁለቱም እውነት ነው» አለች። «ጅማቱን ዕድሜ አሳስቶታል፤ ይኼን አልሰርዝልዎትም። የቀደደው ግን አደጋው ነው።»

እንዲሁ ጻፈች። ለእኔ የሚጠቅመውን ብቻ ብትጽፍ ኖሮ እንዲህ አላምናትም ነበር። መድኑም ውሳኔውን ተቀበለ፤ የማገገሚያ ፈቃድና የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ተሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጅምና ዝግ ያሉ፣ ግን ወደ ፊት የሚሄዱ ወራት ነበሩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ እየሄድኩ፣ በቀሩት ቀኖች ቤቴ ግድግዳ ፊት ቆሜ ሁለት ጣቶቼን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ እያስኬድኩ፣ የደረሱበትን በየሳምንቱ በጠመኔ እያሰመርኩ ቆየሁ። አንዳንድ ሳምንት መስመሩ ከቀድሞው በታች ይሆናል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ የልጅ ልጄ የምታህል ልጅ፣ ስቸኩል ባየች ቁጥር «ጋሼ፣ ግድግዳው የትም አይሄድም» ትለኛለች። አንድ ቀን «ካርዶቹን ለምን ዝቅ አድርገው አይሰቅሏቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ካርድ ዕቃው ባለበት እንደሚሰቀል ሳስረዳት በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ከዚያ እንቅስቃሴውን አሥር ጊዜ ጨመረችብኝ። በአምስተኛው ወር ኮቴን ራሴ ሰቀልኩ። ባለቤቴ ዞራ አላየችም፤ እንዳየች ግን አውቄአለሁ።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ስትቆልፍልኝ አንድም ቀን ያልተማረረችውን ባለቤቴን፣ እውነቱን ከሁለት በኩል የጻፈችውን ሐኪም፣ ጣሪያውን ያሠሩትን ሐጂን አመሰግናለሁ።

የእኔ ዕጣ ለገጠማችሁ የምለው ጥቂት ነው። የተጎዳችሁበትን ቀን በዚያው ቀን አስጽፉ፤ ለሰው ስትሉ የምትደብቁት ነገር ያንኑ ሰው ሊጎዳው ይችላል። መርማሪ ፊት ስትቀርቡ እንደ እንግዳ አትቅረቡ። «እንዴት ነህ?» ሲላችሁ ያማችሁበትን ንገሩት፤ ፈጣሪ በዚህ አይቀየምም። ማን እንዳለበሳችሁ ተናገሩ። ያልሆነውን ግን አትጨምሩ። ማስረጃ የላችሁም ከተባላችሁም ወደ ሥራችሁ ቦታ ተመለሱና እጃችሁ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልደረሰበትን ፈልጉ።

ሥራ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት በአራተኛው ረድፍ ካርድ ላይ ስድስት ቫልቭ ወጪ ብዬ ጻፍኩ። መስመሩ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ እጄን ወደ አምስተኛው ዘረጋሁ። ጫፉን ነካሁት፤ ከዚያ አላለፈም። ቦርዱም የጻፈው ይህንኑ ነው፤ የሚቀር ነገር ይቀራል።

ሸምሱ ከኋላዬ መጥቶ እርሳሱን ከጣቴ ወሰደ።

«አምስተኛው የእኔ ነው፣ ጋሼ። እንዳይነኩብኝ» አለና ሰባትን ጻፈ። ቀጥ ያለ ሰባት።