ለዓሦች የሚያንኳኩት አጎቴ

አጎቴ ሰውን ሁሉ እኩል ይወዱ ነበር እየተባለ ለቅሶ ቤት ሲወራ ሰነበተ። ሐሰት ነው። አብልጠው የሚወዱት ሚዛን ተፈሪ ያለው ሱቃቸው ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ ያኖሯቸውን ዓሦች ነበር።

በቴፒ መንገድ ካለው ጅረት የውሃ ተክል ሲያመጡ፣ ቀንድ አውጣ ተደብቆበት እንዳይገባ በባልዲ ደጋግመው ያጥቡታል፤ ሥሩንም በክር ከድንጋይ ጋር ያስሩታል። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከመክተታቸው በፊት ግን መስታወቱን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው፣ ሰው ደጅ እንደቆመ እንግዳ «ቤቶች!» ይላሉ። እኔን ከሕፃንነቴ ጀምረው ሲያሳድጉኝ የመኝታ ቤቴን በር አንድ ቀን አንኳኩተው አያውቁም።

ጢም ካበቀልኩ በኋላ «ጋሼ፣ የእኔንስ በር መቼ ነው የሚያንኳኩት?» አልኳቸው።

«እነሱ ደንግጠው ይሞቱብኛል። አንተ ምን ትሆናለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

አሁን ገንዳው እኔ ቤት ነው። አዲስ ተክል ልጨምር እጄን ስከት ዓሦቹ ሸሽተው ጥግ ይይዛሉ፤ የሚጠብቁት የእሳቸውን እጅ ነው። እኔም የናፈቀኝ እሱው ነው፤ ሐዘኔን ግን ከዓሣ ጋር መካፈል አልቻልኩም። ዓሣ ማኖር የምትችሉ ካላችሁ ኑና ውሰዱልኝ።