እትዬ ማርታን በቀለም ያሳመምኳቸው ዕለት

ዛሬ እትዬ ማርታ ቤት ሰው ከደጅ እስከ ጓሮ ሞልቷል። እሳቸው ጤነኛ ናቸው። ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ፣ በቀለም።

ስዕል ስለማስተምር የአውራጃው ድሬሰር «ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሰው እንዳይሰበሰብ የሚያስጠነቅቅ ስዕል ሥራልኝ» አለኝ። አልጋ ላይ የተኛች በሽተኛ ሣልኩ። ፊት ቢጠፋኝ የጎረቤቴን የእትዬ ማርታን ተዋስኩ።

ስዕሉ ገበያው መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ የሶዶ ሰው አየውና «እትዬ ማርታ ታመዋል!» ብሎ ቅቅል የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ ይዞ ሊጠይቃቸው ጎረፈ። ጎረቤት ታሞ አለመጠየቅ ነውር ነው እኮ!

«አንተ መምህር፣ ማሳመሙንስ አሳመምከኝ፤ አፍንጫዬን ምን አሳበጠው?» አሉኝ።

ድሬሰሩ ሕዝቡን ሊበትን ገባ። እስካሁን አልወጣም፤ በመስኮት ሳየው ቦዬውን በዳጣ እያጠቀሰ ነው።

እናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው፣ ሰው ተበተነ?