ኮርማው በአውቶቡሱ ጎን ላይ ያየው

ክረምቱ ሲጠና ውሃው ሜዳውን ይይዘዋል፤ የፎገራ ከብትም ደረቅ መሬት ፍለጋ ወደ ወረታ መንገድ ይወጣል። አንድ ዓመት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው፣ ከጎንደር የመጣ አንድ አውቶቡስ ውሃው እስኪጎድል ወረታ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ የአውቶቡሱ ጠባቂና አጣቢ ነበርሁ።

ጎኑ ከመስኮቱ በታች ቀለም ያልነካው አልሙኒየም ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ነበር፤ ቀለም ይቀባ ቢሉት እምቢ ይላል፣ ሰው ከሩቅ አይቶ የሚመጣው ለብልጭታው ነው ብሎ ያምናል። እኔን ሲቀጥረኝም ጢሙን ካላየበት እንዳልታጠበ እንደሚቆጥረው ነግሮኛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ይህንንም ሥራ በራሴ ነው የተማርሁት። አመድ ለናስ ቢበጅም አልሙኒየምን ያጠቁራል፤ ይህን አንድ ጥግ ላይ ሞክሬ ነው ያወቅሁት። ጭቃው በብዙ ውሃ ሳይርስ ከተፈተገ አሸዋው ይጫጭረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ ወዲያው ደግሞ ንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ። መጨረሻ ላይ ሰም በላምባ አለስልሼ ስስ አድርጌ እቀባውና በአሮጌ ነጠላ እወለውለዋለሁ፤ ሰሙ ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ለታይታ የሚሠራ ሰው ላይ ላዩን ያብሳል። እኔ የየምስማሩን ራስ ዙሪያ በጣቴ አጸዳ ነበር። የሚያልፉት ሴቶች ሚስቴንም እንዲህ አሻት እንደሆነ እየጠየቁ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ሲዘንብ አርፍዶ ፀሐይ ወጣች። ብረቱን ወልውዬ እንደጨረስሁ የበኩር ልጄ ምሳዬን ይዛ መጣች፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። መንገዱ ከብት በከብት ስለነበር ከአውቶቡሱ ጎን ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋትና፣ ሳልላት እንዳትነሳ አዝዣት ጨርቁን ላጥብ ወደ ቦዩ ወረድሁ። ልጆቼን ያሳደግሁት እንደዚያ ነው፤ አንዴ የተነገረ ሁለተኛ አይነገርም።

ቀና ስል ከቁሐር ሚካኤል በኩል የመጣ መንጋ መንገዱን ሞልቶታል። ግንባሩ ነጭ የሆነ አንድ ጥቁር ኮርማ ከመንጋው ተነጥሎ ቆሟል፤ የሚያየው ወደ ልጄ ነው። አንገቱን ደፍቶ አጓራ፣ ጭቃውንም በኮቴው ጫረ። ልጅቱ ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔን ታያለች። ነይ ብላት ትነሳለች፣ ከተነሳች ያባርራታል፤ ዝም ብል እዚያው ይወጋታል። ይህን እያሰብሁ ጨርቁን ከእጄ ጣልሁ።

እረኛው ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ዱላቸውን ይዘው በጭቃው ውስጥ እየሮጡ፣ እኔ ያላየሁትን አዩ።

«ልጅቱን አይደለም! ብረቱ ውስጥ ሌላ ኮርማ አይቶ ነው፤ አጥፋው!»

ያኔ አየሁት። በወለወልሁት ብረት ላይ፣ ልክ ከልጄ ራስ በላይ፣ ትልቅ ጥቁር ነገር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ኮርማው አንድ እርምጃ ሲጠጋ ያም ይጠጋል፣ ይገዝፋልም። እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ከቦዩ በሁለት እጄ የዛቅሁትን ጭቃ ብረቱ ላይ ለጠፍሁት፣ ደግሞ ከእግሬ ሥር ዛቅሁ፣ ደግሞ ለጠፍሁ። የልጄም ፀጉር በጭቃ ተሞላ። ጀርባዬን ለኮርማው የሰጠሁት ደፍሬ አይደለም፤ ሲመጣ እንዳላየው ነው። ትንፋሹን ሰማሁት። ይህን ስጽፍ እንኳ ጀርባዬን ይበርደኛል።

ዱላው ሲያርፍበት ሰማሁ። ኮርማው ጥቂት ቆሞ ባላንጣውን ፈለገ፣ ጎማውን አሸተተ፣ ከዚያ ወደ መንጋው ዞረ።

ልጄ ጭቃው በፊቷ ላይ እየወረደ፣ «አባዬ፣ ልነሳ?» አለችኝ።

በሁለት እጄ አነሳኋት። ቀሚሷ ርሶ ነበር፤ የእኔም ሱሪ እንደዚያው።

ማምሻውን ሽማግሌው ይቅርታ ሊሉ ቤቴ መጡ። በሁለቱ ኮርሞች መካከል ብትሮጥ ኖሮ ይረግጣት ነበር፣ ያዳናት አለመነሳቷ ነው፣ እንዲህ የታነጸች ልጅ አላየሁም ብለው መረቁኝ። ሚስቴ እስኪወጡ ጠበቀች።

«ድንጋይ ነው እንዴ የወለድሁት?» አለችኝ። «ልጅ ይሮጣል። ልጅ ይጮሃል። የኔ ልጅ ሞት ፊቷ ቆሞ ያንተን ፊት ታያለች!»

ሁለቱም እውነት ተናገሩ። የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ባለ አውቶቡሱ ጭቃውን አይቶ ተቆጣ፤ ከብቱ ከመንገድ እስኪወርድ እንደማልወለውለው፣ ካልተስማማው ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገርሁት። እያጉረመረመ ተወኝ፤ አውቶቡሱም ጉማራ እስኪጎድል እንደተመረገ ቆመ። መታዘዝን ዛሬም እመክራለሁ፤ ያልታዘዘ ልጅ ሲጠፋም አይቻለሁ። ነገር ግን በማግስቱ ልጄ ምሳዬን ይዛ መጥታ የት ልቀመጥ ብላ ስትጠይቀኝ፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየሁና፣ ምሳዬን ተቀብዬ እጇን ይዤ ቆምሁ።