ሞተሩ እስኪበርድ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሒሩት ከሥራ ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ አለች። መኪናዋ ቀይ መብራት አብርታባት ደንግጣለች። ኮፈኑን ከፍታ የራዲያተሩን ክዳን ልትይዝ ስትል እጇን ያዝኩት። «እስኪበርድ ተይው» አልኳትና ደጃፉ ላይ አብረን ተቀመጥን። የጋለው ብረት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግን ልቤ ከእሷ ጋር አልነበረም፤ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው ዳገት ላይ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ወሎ በረሃብ የሚያልቅበት፣ አዲስ አበባ ደግሞ የሚታመስበት ዘመን ነበር። ከደሴ የእርዳታ ስንዴ በጭነት መኪና እየጫንኩ መካነ ሰላም ያለው የረሃብተኞች መጠለያ አራግፋለሁ። አብረውኝ የሚጓዙት እህሉን የሚያስረክቡት ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ በዕድሜ ከአባቴ የሚስተካከሉ፣ ዱዓ ሳያደርጉ መኪና የማይሳፈሩ ሰው። እሳቸው ዱዓቸውን ሲያደርጉ እኔ ኮፈን ከፍቼ የራዲያተሩን ውኃ አያለሁ፤ ጎድሎ እንደሆነ አፍ እስከ ገደፉ እሞላዋለሁ። ቀናችን የሚጀምረው እንደዚያ ነበር።

አቀስታ አድረን በነጋታው ሻይ ቤት ብገባ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ከቧል። ሚኒስትሮቹ ሥልጣን ለቀቁ ይላል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ አፉን በእጁ ይይዛል። እኔም ትኩስ የገብስ ቂጣ እንደያዝኩ፣ አገር በአንድ ጀምበር የተለወጠ መስሎኝ፣ ስከራከር ቆየሁ። ስንነሳ ራዲያተሩን አላየሁም። ትናንት ለመንገደኛ አጠጥተን የጨረስነውን ጀሪካንም አልሞላሁም።

የካቲት ነው። የበልግ ዝናብ ይጠበቅበት የነበረው ሰማይ ደመና የሚባል አልነበረውም። ማሳው ግራጫ ሆኗል፤ በመንገዱ ዳር የጅባራ ተክል ብቻውን ቆሟል። በስተምዕራብ፣ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደል ላይ፣ ሰማያዊ ጭጋግ ተኝቷል፤ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ የሚያየው አገር ይመስል ነበር። እሱን እያየሁ ስነዳ የሙቀት መለኪያው ቀዩን መንካቱን ልብ አላልኩም። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። አቆምኩ።

መንገዱ ዳር ወደ መካነ ሰላም መጠለያ የሚጓዙ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች አርፈው ነበር። ብዙም አልተንቀሳቀሱም፤ ጆንያዎቹን ብቻ አዩ። ትንሽ ቆይቶ ከገደሉ እንስራ ያዘለች፣ ወደ አርባ የሚጠጋት ሴት ብቅ አለች። ምን እንደጫንን ጠየቀች። ጋሽ ሰይድ ለመጠለያው የሚሄድ ስንዴ መሆኑን፣ ውኃ ካልተገኘ ግን መንቀሳቀስ እንደማንችል ነገሯት። ምንጩ ቀጥኖ ነበርና እንስራዋን ጠብታ በጠብታ ስትሞላ ነው ያረፈደችው። ጆንያዎቹን ብዙ ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ እንስራውን ከጀርባዋ አውርዳ እግሬ ሥር አቆመችው።

«ወንድሜ እዚያ ነው ያለው። ውኃውን ውሰዱት።»

እኔ ግን አላፈሰስኩም። ቀዝቃዛ ውኃ የጋለ ሞተር ውስጥ ከገባ ብረቱ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ እህሉ እዚያው ዳገት ላይ ይቀራል። መጠበቅ ነበረብኝ። የተራበ ሰው ፊት፣ ውኃ በእጅ ይዞ፣ እህል በጀርባ ተጭኖ መቀመጥ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። አንዱ ሽማግሌ «እህሉን ሊሸጥ ነጋዴ እየጠበቀ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ጋሽ ሰይድ «አብሽሩ» እያሉ ጥፋቱን በመኪናው እርጅና ላይ አላከኩት። እሳቸው ሲሸፍኑልኝ እኔ ባሰብኝ።

ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «እትዬ፣ መኪናው አይደለም» አልኳት። «ጠዋት ውኃውን ማየት ነበረብኝ። ረሳሁ።»

«ምን አስረሳህ?»

«ሬዲዮ። ሚኒስትሮቹ ወረዱ እያለ።»

አሰበች። «ስለ ዝናብስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

ራሷን ነቀነቀች። የመኪናው ጥላ ወደ እኛ እየረዘመ መጣ፤ ጥላው ውስጥ አንድ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ብረቱ እየበረደ ሲሄድ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ ድምፅ በቀር ዓለሙ ጸጥ ብሎ ነበር።

በመጨረሻ እጄን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ቻልኩ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ለቀቅኩት፤ ሞተሩን አስነሥቼ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ አፈሰስኩ። እንስራው ቢያልቅም ትንሽ ጎደለ። ያ ያጉረመረመው ሽማግሌ መጣና ቅሉን ገልብጦ የቀረችውን ጨመረ። ሰዎቹን ጆንያዎቹ ላይ አሳፈርናቸው። ሴትዮዋ ባዶውን እንስራ አዝላ ወደ ገደሉ ከመመለሷ በፊት «ደምሴ የሚባል ካገኘህ፣ ውኃውን ታንጉት ሰጠችኝ በለው» አለችኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ሰው እንደቀበሩ ነገሩን። ማንም ለምን ዘገያችሁ አላለኝም።

ደምሴን አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። መልእክቱን ስነግረው ስሙን የተሳሳትኩ መሰለው። «ታንጉት? ውኃ ሰጠች?» አለ። ለካ አባታቸው ከሞተ ወዲህ በዚያው ምንጭ ተጣልተው፣ ሽማግሌ ቢገባ ቢወጣ ሳይሆን ቀርቶ፣ ሦስት ዓመት ሰላም አይባባሉም ነበር። ወደ መጠለያው ሲመጣ በደጇ አልፏል። «ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲበረታ ከእኛ ጋር ተመለሰ፤ ከራሽኑ ያተረፋትን ስንዴ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ነበር። ዳገቱ ላይ ወረደ። ራዲያተሩ ሙሉ ነበር፤ እኔ ግን እሱን ለማየት ብዬ ኮፈን ከፍቼ ቆየሁ። ደምሴ ቁልቁል ወረደ፣ ወረደ፤ ገደሉ ከለለው። ጋሽ ሰይድ በቀስታ «እንሂድ ልጄ፤ ይህ የእነሱ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተሾመ፣ ስንቱ ተሻረ። በመርሳቴ እህትና ወንድም ታረቁ ብዬ ራሴን ማጽናናት አይሆንልኝም፤ በዚያ ቀን የተቀበሩትን የሁለቱን ስም እንኳ አላውቅም። ያም ሆኖ በእርጅናዬ፣ እንቅልፍና ንቃት በሚቀላቀሉበት ከሰዓት በኋላ፣ ደምሴ ከእህቱ ደጅ ሲደርስ አየዋለሁ። ማን ቀድሞ እንደተናገረ ግን አይሰማኝም። አንዳንድ ቀን እሱ ነው እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እሷ ናት።