አውቶቡስ ላይ የተኛችው ልጅ

አባ ጸጥታ ያሉት ባልደረቦቹ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ሕፃናትን «እንዳትነቃነቁ» ሲል የኖረ ሰው ሌላ ምን ይባላል? የአንጎል ቀዶ ጥገና የሚጠብቃቸውን ልጆች ጭንቅላት ሳይከፍት፣ በመርፌም ሳይነካ፣ የቱ ቦታ እጅን እንደሚያዝ፣ የቱ ንግግርን እንደያዘ በምስል ለይቶ ለሐኪሙ ያቀርባል። ትንንሾቹን ምስል የሚያነሳቸው ተኝተው ሳለ ነው። ማደንዘዣ ምስሉን ስለሚያደበዝዝበት የራሳቸውን እንቅልፍ ይመርጣል፤ ወላጆችም ሌሊቱን ሳያስተኙ እንዲያመጧቸው ይነገራቸዋል።

የዚያን ቀን የመጣችው የአራት ዓመት ልጅ ግን ዓይኗ ቁልጭ ቁልጭ ይላል።

«ተኝታ ነበር እንዴ?» አላት እናቲቱን።

«አውቶቡስ ላይ... ትንሽ ብቻ። አሳዘነችኝ፣ ጋሼ።»

ደሙ ፈላ። ልጅቷን በየቀኑ የሚጥላት በሽታ መነሻው በግራ በኩል፣ ንግግር በሚቀመጥበት አካባቢ ነው። ቀዶ ጥገናው ደግሞ ነገ ነው። ምስሉ ካልተነሳ ይተላለፋል፤ ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። የእናቲቱ ፍርሃት ሌላ ነው፦ ልጇ ከቀዶ ጥገናው ስትነሳ «እማ» ማለት ጠፍቶባት እንዳይሆን።

ሊቆጣት አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። እሷም ልጇን ስትቀሰቅስ አድራ ዓይኗን አልከደነችም።

የሥራ ሰዓቱ ሲያልቅ ጃኬቱን መልሶ ሰቀለና ደክሟት እንድትተኛ የልጅቷን እጅ ይዞ ኮሪደሩን መዞር ጀመረ። ወገቡ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ጉልበቱም አላስቆም አላስቀምጥ ብሎታል። የእሷ አፍ ግን አያርፍም።

«ለምን ታነክሳለህ?»

«ስላረጀሁ።»

«ለምን አረጀህ?»

«እንዳንቺ ያለ ለፍላፊ አስረጅቶኝ።»

በመጨረሻ ደክሟት ትከሻው ላይ ተኛች። ቀስ ብሎ አጋደማት፤ የማሽኑን ጩኸት የሚከልል ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጎ፣ እናቷ ቀድማ በድምፅዋ የቀዳችላትን ተረት ከፈተ። ልጅ ተኝታም ቢሆን የእናቷን ድምፅ ትሰማለች፤ ንግግሩን የሚረዳው የአንጎል ክፍል ስክሪኑ ላይ ይበራል።

በራ። በቀኝ በኩል! በሽታው ከጨቅላነቷ ጀምሮ ግራውን ስለያዘባት ንግግሯ ገና ድሮ ቤት ቀይሮ ኖሯል።

እናቲቱ በሩ ጋ ቆማ ታየዋለች። «ዶክተሩ ይነግርሻል» ማለት ነው ደንቡ፤ ስንት ዓመት ያለው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ደንብ ለማክበርም አቅም አልተረፈውም።

«እህቴ፣ ንግግሯ ከበሽታው ጋር አይደለም ያለው። በወዲያኛው ጎን ነው። የሚቆረጠው ቦታ አይነካውም።»

ለቅሶ ወይም ምርቃት ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲያው» አለች፣ «አሁን ልተኛ።»